ባዮኢንጂነሪንግ ምንድን ነው?

«ባዮኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው የሚወጣው ሐኪም ሆኖ ነው ወይስ መሐንዲስ?» ሲል አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ጠየቀኝ። አባቱ ፈንጂ አንድ እግራቸውን ስለወሰደባቸው የሚሄዱት በክራንች ነው።

መሐንዲስ ነው፤ የሚሠራው ግን ለሕያው አካል ነው። በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ሰው ሠራሽ እግር ያለ ጫማ አያስኬድም፣ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥም አያስችልም ነበር። ታዲያ ገበሬ ምን ያድርግበት? ብዙዎች እየጣሉት ወደ ክራንቻቸው ተመለሱ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ የእጅ ባለሙያና የአጥንት ሐኪሙ ፒ. ኬ. ሴቲ ከጎማና ከእንጨት ሌላ ዓይነት እግር ሠሩ። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሲረገጥ ክብደቱን ተቀብሎ ይጨመቃል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይታጠፋል፤ ውጪው እንደ መኪና ጎማ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ጭቃና ውኃ አይበግረውም። (ሻርማ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አልነበረም።)

ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ በስሌት ያስተምራል፦ ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ዕቃው ስንት እርምጃ እንደሚችል፣ ቆዳ እንዳይልጥ ምን እንደሚደረግ። ስለዚህ ባዮሎጂ የምትወዱ ተማሪዎች ከፊዚክስና ከሒሳብ አትሽሹ።

ለተማሪዬ የቤት ሥራ ሰጥቼዋለሁ፤ አባቱ በክራንች ሲሄዱ የሚያቅታቸውን ሁሉ ጠይቆ ጽፎ ያመጣልኛል።