በኢያሪኮ መንገድ ያለው የእንግዳ ማደሪያ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፣ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። በመካከል ያለው ምድረ በዳ ገደልና ዋሻ የበዛበት ስለ ሆነ በጥንት ዘመን ለወንበዴ የተመቸ ነበረ። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ያስተማረው ይህንኑ መንገድ ጠርቶ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ፣ መጽሐፈ ኢያሱ የአዱሚም ዐቀበት በሚለው ስፍራ፣ አንድ ጥንታዊ የመንገደኞች ማደሪያ አለ። እንዲህ ያለውን ማደሪያ ዐረቦች «ኻን» ይሉታል፤ ነጋድያንና ተሳላሚዎች ከነከብታቸው ገብተው የሚያድሩበት ቅጥር ግቢ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሊቁ ሄሮኒሞስ፣ ስፍራው ስሙን ያገኘው ወንበዴዎች በዚያ ካፈሰሱት ደም መሆኑን፣ መንገደኞችን የሚረዱ ወታደሮች የሚጠብቁት ምሽግም እንደ ነበረ ጽፏል።

በ6ኛው መቶ ዓመት ክርስቲያኖች በዚያ ማደሪያና ቤተ ክርስቲያን ሠርተው፣ ወለሉን ሞዛይክ በሚባለው በጥቃቅን ባለ ኅብር ድንጋይ አነጠፉት። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድም አለ፤ በዚያ በረሃ ውሃ ለመንገደኛ ሕይወት ነውና። በ12ኛው መቶ ዓመት የመስቀል ጦረኞች ከፊት ለፊቱ ባለው ኮረብታ ላይ ምሽግ ሠሩ፤ ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ይታያል። ዛሬ የቆመው ቤት ደግሞ በቱርኮች ዘመን የታነጸ ነው።

እንግዲህ ወንጌል የሚናገርለት ማደሪያ ይህ ነውን? የቆመው ግንብ ከወንጌሉ ዘመን እጅግ የኋላ ነው። ነገር ግን ምእመናን ምሳሌውን ሰምተው በዚያ አስፈሪ ስፍራ ለደከመው ማረፊያ አዘጋጁ፤ ቃሉ ድንጋዩን አቆመው።

ከ2009 ዓመተ ምሕረት (በአውሮጳ አቆጣጠር) ጀምሮ ስፍራው የሞዛይክ ቤተ መዘክር ሆኗል። ከአይሁድ ምኵራብ፣ ከሳምራውያን ምኵራብና ከአብያተ ክርስቲያናት የተገኙ ወለሎች በአንድነት ተቀምጠዋል። በወንጌሉ ዘመን አይሁድና ሳምራውያን በአንድ ማዕድ አይቀመጡም ነበር፤ ዛሬ የአባቶቻቸው ድንጋይ በአንድ ግቢ አድሯል።

ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ የሀገራችን ተሳላሚዎችም በዚሁ በኩል ያልፋሉ። ነገር ግን በዚያ ማደሪያ ዛሬ የሚያድር እንግዳ የለም፤ ጎብኚ አይቶት ይመለሳል። አበው ሊቃውንት የቈሰለው ሰው አዳም፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ተርጕመዋል። እንዲህ ከሆነ የማደሪያው ጠባቂ የተቀበለው አደራ በየቤታችን አለ። ወላጆቻችን የመሸበት መንገደኛ «አሳድሩኝ» ሲላቸው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። ልጆቻችን ይህን ቃል ከእኛ አፍ ሰምተውት ያውቃሉን?