የአየር መከላከያ አዛዥ እንዴት ይወስናል?

ሌሊት ማሳውን የሚጠብቅ ገበሬ በጨለማ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከርከሮ ይሁን ጎረቤት አይለይም። ስለዚህ ድንጋይ ከመወንጨፉ በፊት «ማነህ?» ይላል።

የአየር መከላከያ አዛዥም ነገሩ እንዲሁ ነው። አውሮፕላኑን በዓይኑ አያየውም፤ በራዳር ነው የሚያውቀው። ራዳር በሩቅ የሚበር ነገር የት እንዳለ የሚያመለክት መሣሪያ ነው። ለመወሰን ያለው ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም. ቪንሰንስ የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ በኢራን ጠረፍ አጠገብ ከኢራን ጀልባዎች ጋር ይታኮስ ነበር። በዚያው ሰዓት ከባንዳር አባስ ከተማ አንድ አውሮፕላን ተነሣ። መርከበኞቹ የጦር አውሮፕላን መሰላቸው። በራድዮ ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ የለም። ለካ አብዛኛው ጥሪ የተላለፈው የመንገደኛ አውሮፕላን በማይሰማው የጦር ሠራዊት መስመር ኖሯል!

መሣሪያው አውሮፕላኑ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን ያሳይ ነበር። በጥድፊያ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን «እየወረደ ወደ እኛ እየመጣ ነው» ብለው ለአዛዡ ለዊል ሮጀርስ ነገሩት። እሱም ሚሳይል እንዲተኮስ አዘዘ። የወደቀው ወደ ዱባይ መንገደኛ ጭኖ የሚሄድ አውሮፕላን ነበር። 290 ሰው አለቀ፤ 66ቱ ሕፃናት ናቸው።

ሰዎቹ ሆን ብለው ዋሹ ማለት አይደለም። ጠላት ይመጣል ብለው ስለጠበቁ፣ የጠበቁትን አዩ። በአቅራቢያው የነበረው የሌላው የአሜሪካ መርከብ፣ የሳይድስ አዛዥ፣ ያንኑ አውሮፕላን በራዳር ተከታትሎ አያሰጋም ብሎ ነበር። እሱ በዚያ ሰዓት ተኩስ ላይ አልነበረም።