የወታደር ልጅ አገሩ የት ነው?



በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ ተማሪ ስንመዘግብ ከምንሞላው ቅጽ ውስጥ አንዲት ቀላል የምትመስል ጥያቄ አለች። «የትውልድ ቦታ» ትላለች። አብዛኛው ልጅ ወገዳ፣ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ ወይም መካነ ኢየሱስ ብሎ ያልፋታል። አባቱ ወታደር የሆነ ልጅ ግን ቀና ብሎ እናቱን ያያል። እናቲቱም ራሷ የወታደር ልጅ ከሆነች ጥያቄው ለእርሷም ይከብዳል። የተወለደችው አስመራ፣ ፊደል የቆጠረችው በጦር ሰፈር፣ የአባቷ አገር ስማዳ፣ የአባቷ መቃብር ግን የት እንደሆነ የማይታወቅ ሊሆን ይችላል።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለውትድርና ሰው ያልወጣበት ቤተ ዘመድ ማግኘት ቀላል አይደለም። የዘማቹ ነገር በሽለላም በቀረርቶም ይነሣል። ዘማቹን ተከትለው የሄዱት ሚስቶችና ልጆች ያሳለፉት ሕይወት ግን የሚያነሣው የለም። እኛ ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለ እነዚህ ልጆች ትዝታ ነው። ለምን ቢሉ ባለቤቶቹ ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፤ እናቶቻቸውም አርጅተዋል። ዛሬ ካልተጠየቁ ነገ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

በአንድ ከተማ፣ ሁለት ዓይነት ልጅነት

አስመራን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 በዚያች ከተማ የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ ነበረው። ኋላ «ቃኘው ጣቢያ» የተባለውም በኮሪያ በተዋጋው የቃኘው ጦር ስም ነው። አሜሪካውያኑ ወታደሮች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ ስለነበር፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ ለሰፈሩ ደግሞ የራሱ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስርጭት ተቋቁሞ ነበር። እነዚያ ልጆች አድገው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ይጠያየቃሉ፣ ይሰባሰባሉ። ፎቶግራፋቸውን አስቀምጠዋል፣ ትዝታቸውንም ጽፈዋል።

አሜሪካውያኑ ሲወጡ ጣቢያውን የኢትዮጵያ ጦር ተረከበው። አስመራ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የወታደር ቤተሰቦች በከተማዋ የጦር ሰፈሮችና በየኪራይ ቤቱ ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም መካከል የእኛው አካባቢ ሰዎች ነበሩበት። የእነዚህ ልጆች ትዝታ ግን እስካሁን ያለው በየሰዉ ልብ ውስጥ ብቻ ነው።

በወገዳና በነፋስ መውጫ በየአጋጣሚው ያነጋገርናቸው ሰዎች የሚያስታውሱት ብዙ ነው። ጠዋት በጥሩምባ ድምፅ መነሣታቸውን፣ ባንዲራ ሲሰቀል ባሉበት ቀጥ ብለው መቆማቸውን ያወራሉ። አባት ከግንባር በኮሮጆው ይዞት የመጣውን ኮቾሮ ውኃ ውስጥ ነክረው እየተሻሙ መብላታቸውን፣ በክረምት በለስ በሳንቲም መግዛታቸውን፣ ዘንባባ በተተከለበት ዋና ጎዳና ላይ መሽቀዳደማቸውን አልረሱም። ከአገር ቤት የተላከ በሶ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይካፈለው ነበር። ጎረቤቱ ደግሞ የሐረርጌ፣ የወላይታ፣ የወሎ፣ የሸዋ ሰው ነው። አንድ ሰው እንደነገሩን፣ ከወሎ የመጣ አንድ ሃምሳ አለቃ ከግንባር በተመለሰ ቁጥር የሰፈሩን ሙስሊም ልጆች ማታ ማታ ሰብስቦ በሎሕ አሊፍ ባ ያስቀራቸው ነበር። «አንድ ቀን ሄዶ ሳይመለስ ቀረ፤ ሎሑ ግን ከእኛ ቤት ነበር» አሉን።

የሚያስታውሱት ጨዋታውን ብቻ አይደለም። ሁለት ባለ ማዕረጎች ጎን ለጎን ሆነው ወደ መኖሪያው ሲመጡ በታዩ ጊዜ ሰፈሩ ጸጥ ይል እንደነበር ነግረውናል። እያንዳንዷ እናት ወደ እኔ በር እንዳይሆን እያለች ትጸልያለች። አንደኛው በር ሲንኳኳ የቀሩት እናቶች እፎይ ይሉና፣ እፎይ በማለታቸው አፍረው ወደዚያው ቤት ለልቅሶ ይሮጣሉ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ሲያዙ እንዲህ ያለው መርዶ በብዙ ቤት ገባ።

ሳይንቀሳቀሱ ውጭ አገር

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አስመራ በሻዕቢያ ተያዘች። ከሠራዊቱ ብዙው ወደ ከሰላ አቅጣጫ ሸሽቶ ሱዳን ገባ። ቤተሰቦችም ገሚሶቹ ተከትለውት፣ ገሚሶቹ ደግሞ መረብን ተሻግረው በትግራይ በኩል በእግርም በመኪናም ወደ መሐል አገር ጎረፉ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በግንቦት ወር ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። በዚህም የተነሣ በአንድ አገር ተወልደው ያደጉት እነዚህ ልጆች የትውልድ ከተማቸው ውጭ አገር ሆነችባቸው። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ካርድ፣ ፎቶግራፍ በዚያው ቀረ።

ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ወረታ በሚዘልቀው፣ ቻይናውያን በሠሩት መንገድ ነፋስ መውጫ ሲደርሱ የጠበቃቸው ዘመድ ነበር። ይሁን እንጂ የጉናን ብርድ አያውቁትም፣ ከብት ማገድ አልለመዱም፣ አማርኛቸው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። በአስመራ «አምሓራይ» ሲባሉ የኖሩ ልጆች በአባታቸው አገር «አስመሬ» ተባሉ። ከዚያም አልፎ «የደርግ ወታደር ልጅ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይወረወርባቸው ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ዝምታን መረጡ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አልተሰበረም።

ባሕር ማዶ ያደጉት

ከእነዚህም ይልቅ ርቀው ያደጉ አሉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ከተገኘ በኋላ፣ በኦጋዴኑ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡትን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢትዮጵያን ለማገዝ ጦሯን ልካ ወደ ነበረችው ኩባ ተላኩ። ያረፉት ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ በምትገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 «የወጣቶች ደሴት» ተብላ በተሰየመችው ደሴት ነው። እዚያም ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያና ከኒካራጓ ከመጡ ልጆች ጋር ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ይሠራሉ።

ጥርሳቸው ገና በመነቀል ላይ የነበሩት ሕፃናት ስፓኒሽ ለመዱ፤ አንዳንዶቹም የእናታቸውን ቋንቋ እስከ መርሳት ደረሱ። ብዙዎቹ ሐኪም፣ መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ ሆነዋል። ለጦርነቱ ሰማዕታት እ.ኤ.አ. በ1984 አዲስ አበባ ላይ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ዛሬም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ቆሟል። ሐውልቱ አባቶቹን ያስታውሳል። ልጆቹ በደሴቲቱ ላይ ሌሊት ሌሊት ማንን እያሰቡ እንዳለቀሱ ሊነግሩን የሚችሉት ግን ራሳቸው ብቻ ናቸው።

በልጅነት ቋንቋ የተነገረ ቃል

እዚህ ላይ ከሲራ አንድ ታሪክ እናስታውስ። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሓቦች መካከል የኻሊድ ኢብን ሰዒድ (ረ.ዐ.) ቤተሰብ ይገኝበታል። ልጁ ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ.) የተወለደችው በሐበሻ ነው። ቤተሰቡ መዲና ከገባ በኋላ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ያችን ሕፃን ባማረ ልብሷ ባዩዋት ጊዜ «ሰናህ፣ ሰናህ» እንዳሏት ሶሒሕ አልቡኻሪ ዘግቦታል። ቃሉ በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ» ማለት ነው፤ እኛም እስከ ዛሬ «ሰናይ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ከሩቅ አገር ለመጣችው ልጅ ያደገችበትን አገር ቃል መርጠው ነገሯት እንጂ «ይህን ቋንቋ እርሺው» አላሏትም። አባቷም ኋላ በሻም ዘመቻ ተሰዋ።

ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ.) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ዘመቻ ጦር እየመራ ሲሰዋ፣ በሐበሻ የተወለደውን ዐብዱላህን ጨምሮ ልጆች ጥሎ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤቱ ሄደው ልጆቹን አቅፈው አነቡ፤ ለቤተሰቡም ምግብ እንዲሠራለት አዘዙ። በመጀመሪያ የተደረገው ልጆቹን መፈለግ፣ ማቀፍና ማብላት ነበር።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ወጣት አንባቢያን ሆይ! እናትህ፣ አክስትሽ ወይም ጎረቤታችሁ የወታደር ልጅ ሆና ያደገች ከሆነ በዚህ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ጠይቋት። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይህ ቁስል ይነካል። «ምን ትጫወቱ ነበር? ጎረቤታችሁ ማን ነበር? ምን ትበሉ ነበር?» በሉ። በደብተር ጻፉት፣ ፈቃዷ ከሆነም ድምፅዋን በስልካችሁ ቅዱ። የሰው ስም፣ የቦታ ስምና ዓመተ ምሕረት ለይታችሁ ያዙ። ትግርኛ ወይም ስፓኒሽ ካመለጣት አትሳቁ፤ ትርጉሙን ጠይቁና እሱንም ጻፉት።

ወላጆችም ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ዛሬም አባቱ በሩቅ ጦር ሰፈር ያለ ልጅ በየመንደራችን አለ። ያ ልጅ በክፍል ውስጥ ሲፈዝ ወይም ያለ ምክንያት ሲደባደብ እናያለን። ከልጆቻችሁ ጋር ማዕድ አቅርቡት፣ በዒድ ቀን አስታውሱት፣ አባቱ ያለበትን አገር ስም እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ልጁ የሚናገረውን የሚሰማ ትልቅ ሰው ካገኘ፣ ያደገበት ሁሉ ሳያፍርበት የእርሱ ሆኖ ይቀራል።

አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞችን እንባ ከሚያብሱት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።