አርቺ ሙርን ደጋግሞ መሬት ያስነካው ሰውዬ

ስለ አሊና ፎርማን በጻፍኩት ሥር አንድ የጎሬ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጣል አድርጎ ሄዷል፤ «ቀበቶ ሳይዝ የቀረ ምርጡ ቡጢኛ ማነው?» ይላል። መቱ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጣችሁ ይህን ብትጠይቁ የሚመለስላችሁ ሳቅ ነው። «ጎበዝ ከሆነ ለምን አልያዘም?» ይባልና ጨዋታው ይዘጋል። እኔ ግን ስም አለኝ፦ ቻርሊ በርሌይ።

መጀመሪያ ስለ አንዲት ማታ ልንገራችሁ። (ቀኖቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም እላለሁ።)

ኤፕሪል 21 ቀን 1944፣ ሆሊውድ። በአንዱ ጥግ አርቺ ሙር ቆሟል። ሙርን ለማታውቁት፦ በ1952 መጨረሻ ጆይ ማክሲምን አሸንፎ የቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም ቻምፒዮን የሆነ፣ ዘውዱን አሥር ዓመት ግድም ሳያስነካ የቆየ፣ በሙያ ዘመኑ ከ130 በላይ ግጥሚያ በዝረራ የጨረሰ ሰው ነው። በ1955 ሮኪ ማርሲያኖን በሁለተኛው ዙር መሬት ያስነካው እሱ ነው። በ1962 ገና ካሲየስ ክሌይ ይባል የነበረውን አሊን የገጠመውም እሱ ነው። ማርሲያኖንም አሊንም የገጠመ ሌላ ሰው የለም። ኋላ አሊና ፎርማን ኪንሻሳ ላይ ሲጋጠሙ ከፎርማን ጋር የነበረው ሽማግሌም ራሱ ነው።

በሌላው ጥግ በርሌይ። በዚያ ጊዜ ሳንዲየጎ ውስጥ አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ግጥሚያውንም ሳይዘጋጅ በድንገተኛ ጥሪ ነው የተቀበለው ይባላል። አሥር ዙር ተጋጠሙ። ሙር ወደቀ፣ ተነሣ፣ እንደገና ወደቀ። ነጥቡ ሲነበብ የሚከራከር አልነበረም።

«ሙር ያኔ ጀማሪ ነበር» የሚል ይኖራል። አልነበረም። ወደ ዘጠኝ ዓመት የሚጠጋ ልምድ ያለው፣ በምዕራብ አሜሪካ ስሙ የሚፈራ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ማርሲያኖን ገጥሞ፣ አሊን ገጥሞ፣ ሽበት አውጥቶም ከገጠማቸው ሁሉ ምርጡ በርሌይ እንደነበር ሲናገር ኖሯል። ማኒላ ላይ አሊን ሲገጥም ፍሬዘርን ያሠለጠነው ኤዲ ፈችም ሙሉ ቡጢኛ ሲባል የሚጠራው ይህንኑ ሰው ነበር።

እንዴት አደረገው? የበርሌይ ፊልም የለም ማለት ይቻላል። የተረፈው በ1946 ኦክላንድ ቢሊ ስሚዝ ከሚባል ከእሱ ገዘፍ ያለ ሰው ጋር የተጋጠመበት ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ምስሉም ደብዛዛ ነው። መጀመሪያ ስታዩት ምኑ ነው የሚደነቀው ትላላችሁ። እጆቹ ወርደዋል። ሰውነቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ አንዳንዴ ሊወድቅ ነው እንዴ ያሰኛል። እንደገና ስታዩት ግን ነገሩ ይገለጣል። ስሚዝ ሲወረውር በርሌይ አይሸሽም፤ ራሱን ጣት በምታህል ስፋት ብቻ ያርቃል፣ ቡጢው በጆሮው ሥር ያልፋል። በዚያችው ቅጽበት እግሩ ወደ ጎን ወጥቶ ተተክሏል፤ ቀኙ ማንም ካልጠበቀው ማዕዘን ይመጣል። ሚዛኑን የሳተ በሚመስልበት ሰዓት ነው የሚያስፈራው፤ ተጋጣሚው «አገኘሁት» ብሎ የሚገባው ያኔ ነዋ።

ይህ አጨዋወት ለተመልካች አይጥምም። ደም የለም፣ ግርግር የለም። ፕሮሞተር ደግሞ ትኬት የሚያሸጥለት ሰው ነው የሚፈልገው። ጥቁር፣ ለማሸነፍ የሚከብድ፣ ትኬት የማያሸጥ። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ቻምፒዮኑ ምን ቆርጦት ነው የሚገጥመው?

ከሙር በፊትም የሆነ ነው። ፍሪትዚ ዚቪክ የሚባል የፒትስበርግ ልጅ ነበር፤ ተንኮለኛ፣ በአውራ ጣቱ ዓይን በመውጋት የሚታወቅ። በ1938 እና 1939 ከበርሌይ ጋር ሦስት ጊዜ ተጋጥሞ ሁለቱን በርሌይ ወሰደ። በኦክቶበር 1940 ሄንሪ አርምስትሮንግን አሸንፎ የዌልተር ሚዛን ቻምፒዮን የሆነው ግን ዚቪክ ነው። የሚቀጥለው የበርሌይ ተራ መሆን ነበረበት። በዚያው ሰሞን የዚቪክ ሰዎች የበርሌይን ውል ገዙት። የኛ አገር ቡና ነጋዴ የተፎካካሪውን ምርት ገዝቶ መጋዘን ቆልፎበት የራሱን በዋጋ እንደሚሸጠው ማለት ነው። በርሌይ ያንን ቀበቶ ተጋጥሞ ሳይሞክረው ቀረ።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የዌልተሩ ቻምፒዮን ፍሬዲ ኮክሬንም የመካከለኛው ቻምፒዮን ቶኒ ዜልም ባሕር ኃይል ገቡና ቀበቶዎቹ «በረዶ» ተደረጉ፤ ባለቤቶቹ እስኪመለሱ ማንም አይወዳደርባቸውም። ዜል ቀበቶውን ለውድድር ያቀረበው በ1946 ነው። በርሌይ የተወለደው በ1917 ነው፤ አስሉት። ለቡጢኛ ወርቅ የሚባለው ዕድሜው ያለፈው ሁለቱም በሮች በተዘጉበት ጊዜ ነው።

በዚህ መካከል እንደሱ የተገፉት ጥቁር ቡጢኞች እርስ በርሳቸው ይጋጠሙ ነበር። ሌላ ማን ይገጥማቸዋል? «የገዳዮች ረድፍ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል፦ ሆልማን ዊሊያምስ፣ ኮኮዋ ኪድ፣ ጃክ ቼስ፣ ሎይድ ማርሻል፣ ኤዲ ቡከር። በርሌይና ዊሊያምስ ብቻ ሰባት ጊዜ ተገናኝተዋል። ቡከር ሙርን ያስቆመው በዚያው በ1944 መጀመሪያ ነው፤ ዓይኑ ተጎድቶ በዓመቱ ሳይዘልቅ ጓንቱን ሰቀለ። ማርሻል ደግሞ ኋላ የከባድ ሚዛን ቻምፒዮን የሆነውን ኤዛርድ ቻርልስን በ1943 በስምንተኛው ዙር ጣለ፤ በዓመቱ ጄክ ላሞታን በነጥብ አሸነፈ። ላሞታን በሮበርት ደኒሮ ፊልም ታውቁታላችሁ። ማርሻልን የሚያውቅ ግን እስኪ እጁን ያውጣ። ስለዚህ የበርሌይ ማታ ድንገት የሆነች ተአምር አይደለችም።

ሚዛናዊ እንሁን ካልን ደግሞ፣ ያው ኤዛርድ ቻርልስ በ1942 በርሌይን በወር ልዩነት ሁለት ጊዜ አሸንፎታል። አንዳንድ አድናቂዎቹ ይህን ሲዘሉት እታዘባለሁ፤ መዘለል የለበትም። ቻርልስ ሙርንም ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ ቻርልስን መሸነፍ ለማንም ነውር አይደለም። በዚያው ዓመት በርሌይ 68 ኪሎ ገደማ ሆኖ 100 ኪሎ የሚጠጋ ጄ ዲ ተርነር የሚባል ሰው ገጥሞ በስድስተኛው ዙር አስቁሞታል። ይህን ማድረጉ ጉብዝና ነው ወይስ እንጀራ ፍለጋ? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ። ከሚዛኑ ሰው ያጣ ሰው ነው ዝሆን የሚገጥመው።

ለኢሉባቦር ልጆች ደግሞ አንድ ጨዋታ ልጨምር። በ1936 የናዚ ጀርመን ኦሎምፒክ ሲቀርብ በርሌይ አማተር ነበር፤ ለበርሊን ማጣሪያው ተጠርቶ አልሄድም አለ። በምትኩ ናዚን የተቃወሙት ባርሴሎና ላይ ያዘጋጁት የሕዝቦች ኦሎምፒያድ ወደሚባለው ሄደ። ውድድሩ ሊከፈት ሲል የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ፤ ሳይጋጠም ተመለሰና በዚያው መስከረም የባለሙያ ግጥሚያ ጀመረ። በዚያ ክረምት የኛ ጎሬ ምን ነበረች? ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ከአገር ከወጡ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው። ጣሊያን የገባባት በኅዳር 1929 ዓ.ም ነው። በርሊን ላይ የኦሎምፒኩ ችቦ ሲለኮስ ከመቱ በመኪና ቅርብ የሆነችው ከተማ ገና የራሳችን ባንዲራ ነበረባት። በርሌይ ይህን ያውቅ ነበር አልልም፤ ወቅቱ አንድ መሆኑ ግን ሁሌም ይገርመኛል።

በ1950 ጓንቱን ሰቀለ። ከ80 በላይ ግጥሚያ አሸንፏል፣ እሱን በዝረራ ያሸነፈ ማንም የለም፣ ለዓለም ቀበቶ አንድ ጊዜም አልተጠራም። ከዚያ በኋላ የፒትስበርግ ከተማ ቆሻሻ ሰብሳቢ ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ሠራ። ከቤቱ ፊት ለፊት ያደገ አንድ ልጅ ነበር፤ ኦገስት ዊልሰን። ልጁ አድጎ ጸሐፌ ተውኔት ሆነና «ፌንስስ»ን ጻፈ። ዴንዘል ዋሽንግተን በ2016 ፊልም አድርጎታል፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ቆሻሻ የሚሰበስበው፣ ዕድሉ በቆዳው ቀለም የተዘጋበት ትሮይ ማክሰን በከፊል የተቀዳው ከበርሌይ ነው። ልዩነቱ ትሮይ ቤዝቦል ተጫዋች መሆኑ ነው። ቁጣውም የዊልሰን ይመስለኛል፤ በርሌይ በሚያውቁት ዘንድ ዝምተኛ ሰው ነበር።

በ1992 የዓለም አቀፉ የቡጢ ዝነኞች አዳራሽ ስሙን መዘገበው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በ75 ዓመቱ አረፈ።

የስሚዝን ፊልም ከታች አያይዤዋለሁ። ኔትወርክ ደህና ሲሆን አውርዱትና መጀመሪያ እጁን ትታችሁ እግሩን ብቻ ተመልከቱ፤ በተለይ ገመዱ ጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚወጣ። የጎሬው ልጅ አሁንም ካልተስማማ ቀጥዬ ስለ ሎይድ ማርሻል እጽፍለታለሁ።