የኋላ መብራት፦ ለሚከተለው አሽከርካሪ የሚተላለፍ መልእክት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በልጦ ይገኛል። ዋናው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ በተሠራው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያው አካባቢ የሚገነጠለው ደግሞ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ወደ ጉም ይለወጣል፤ ጉሙም መንገዱን ይሸፍነዋል። በእንዲህ ያለ ሰዓት አሽከርካሪው ከፊቱ የሚሄደውን መኪና የሚለየው በቅርጹ ወይም በቀለሙ ሳይሆን ከኋላው ባሉት ቀይ መብራቶች ነው።

ይሁን እንጂ ከመኪና አካል ቶሎ የሚሰበረው ይኸው የኋላ መብራት ነው። በገበያ ቀን ወደ ኋላ ሲታጠፍ ከግንብ ይጋጫል፤ ጭነት ሲወርድ ይመታል፤ የደጋው ብርቱ ፀሐይም ፕላስቲኩን አደብዝዞ ያነቃዋል። ኦርጅናሉ ዕቃ ውድ ስለሆነ ብዙ ባለ መኪናዎች በጋራዥ ቋንቋ «ኮፒ» የሚባለውን ገዝተው ራሳቸው ይገጥሙታል። ሥራው ጥንቃቄ ላለው ሰው የሚከብድ አይደለም። ነገር ግን በስሕተት የተገጠመ መብራት ከጠፋ መብራት የማይተናነስ አደጋ አለው፤ ለሚከተለው ሰው የተሳሳተ መልእክት ያስተላልፋልና።

መብራቱ የሚናገረው ምንድን ነው?

አንድ የኋላ መብራት በውስጡ የተለያዩ ሥራዎችን ይይዛል። ደብዘዝ ያለው ቀይ መብራት «እዚህ አለሁ» ይላል። ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው ደማቅ ቀይ «ፍጥነቴን እየቀነስኩ ነው» የሚል ምልክት ነው። ፍሬቻው የሚታጠፍበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ነጩ መብራት መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ መሆኑን ይገልጣል። ቀዩ አንጸባራቂ ደግሞ ሞተርና ባትሪ ባይሠሩም የሌላውን መኪና ብርሃን መልሶ ያሳያል።

ከእነዚህ ሁሉ ለስሕተት የተጋለጠው በደብዛዛውና በደማቁ ቀይ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በብዙ መኪናዎች ሁለቱ የሚበሩት በአንድ አምፖል ውስጥ ባሉ ሁለት ክሮች ነው፤ አንዱ ክር 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት ነው። የዚህ አምፖል የጎን ጥርሶች ከፍታቸው የሚበላለጠው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ታስቦ ነው። በግድ ተገልብጦ ከገባ ወይም ገመዶቹ ከተለዋወጡ 21 ዋቱ ሁልጊዜ ይበራል፤ ፍሬን ሲረገጥ የሚጨመረው ብርሃን ጥቂት ስለሚሆን ተከታዩ አሽከርካሪ መኪናው መቆሙን ሳያውቅ ይደርስበታል።

ሲገዛ የሚታይ

በመጀመሪያ የመኪናው ቮልት ይታወቅ። አብዛኞቹ የቤት መኪናዎችና ሚኒባሶች በ12 ቮልት፣ አብዛኞቹ ከባድ የጭነት መኪናዎች በ24 ቮልት ይሠራሉ። የ12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት ላይ ወዲያው ይቃጠላል፤ የ24ቱ በ12 ላይ እጅግ ደብዝዞ ይበራል።

ቀጥሎ መስታወቱ ላይ የታተመው ምልክት ይታይ። በክብ ውስጥ ከቁጥር ጋር የተጻፈ የላቲን «ኢ» ፊደል የአውሮፓውን መለኪያ፣ «ዲ.ኦ.ቲ» የሚለው ጽሑፍ የአሜሪካውን ያመለክታል። ምልክቱን አስመስሎ ማተም ስለሚቻል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ፈጽሞ ምልክት የሌለው ዕቃ ግን ሊያጠራጥር ይገባል። አንጸባራቂው በላዩ መኖሩም ይረጋገጥ፤ አንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች አንጸባራቂ የሚመስል ተራ ቀይ ፕላስቲክ ብቻ አላቸው። በእጅ ባትሪ አብርቶ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ማየት ልዩነቱን ያሳያል።

መስታወቱ የጠቆረ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ መብራት ለዓይን ቢያምርም ብርሃኑን ስለሚቀንስ ለጉም አገር አይሆንም። ከኋላ ሰማያዊ፣ ነጭ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ጌጥ መግጠምም እንዲሁ ነው። ነጭ ብርሃን ያየ አሽከርካሪ መኪናው ወደ እርሱ እየመጣ ሊመስለው ይችላል።

አገጣጠሙ

መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ። ቁልፉ ከወጣ በኋላ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል። አሮጌው መብራት ከመነቀሉ በፊት የገመዶቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ማንሣት በኋላ ብዙ ድካም ያድናል።

መብራቱ የታሰረባቸው ብሎኖች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በዕቃ መጫኛው ክፍል በኩል፣ ከውስጥ ነው። እነርሱ ሳይፈቱ በካቻቢቴ ከውጭ መፈልቀቅ ቀለሙን ይልጣል፤ ፕላስቲኩንም ይሰብራል። በመንዝ ውርጭ ማለዳ ፕላስቲክ ይበልጥ ስለሚሰባበር ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ ይበጃል። አሮጌው ከወጣ በኋላ ላሜራው ይጽዳ፤ ዝገት ካለ ተፍቆ ቀለም ይቀባ።

የአዲሱ መብራት ሶኬት ከመኪናው ጋር ከተገጣጠመ የቀረው ቀላል ነው። ካልተገጣጠመ ግን በገመድ ቀለም ብቻ ተመርቶ ማገናኘት አይገባም፤ ቀለሞቹ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉና። ባትሪው ለፈተና ተመልሶ ይታሰርና እያንዳንዱ ገመድ በቴስተር ይለይ፦ መብራት ሲበራ ኃይል የሚያገኘው የትኛው ነው? ፍሬን ሲረገጥስ? ፍሬቻ ሲሰጥስ? ከተለዩ በኋላ ባትሪው እንደገና ተፈትቶ ገመዶቹ ይገናኛሉ።

ሁለት ገመድ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በደረቅ ቀን ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውኃ ይገባበትና መዳቡ ይዝጋል፤ መብራቱም ይደበዝዛል። መገናኛው በቆርቆሮ ብየዳ ወይም በመጨበጫ መያያዝ፣ ከዚያም ሲሞቅ በሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ መሸፈን አለበት። ለብየዳው ልምድ የሌለው ሰው ይህን ክፍል ለመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መተው ይሻለዋል።

የመብራቱ ዙሪያ ጎማ በቦታው መቀመጡ ይረጋገጥ። ውኃ እንዳይገባ በማለት ቀዳዳውን ሁሉ በሲሊኮን መድፈን ግን ስሕተት ነው። ከታች ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ለአየርና ለጤዛ መውጫ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው። ሲደፈኑ ቀን በሙቀት፣ ሌሊት በብርድ የሚፈጠረው እርጥበት ውስጥ ታምቆ ሶኬቱን ያዝገዋል።

ፊውዝ ቢቃጠል ከፍ ባለ ፊውዝ ወይም በሽቦ መተካት ፈጽሞ አይገባም። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። ደጋግሞ ከተቃጠለ አንድ ቦታ ላይ ገመድ ከላሜራው ጋር ተነካክቷል ማለት ነው፤ መፈለግ ያለበትም እርሱ ነው። በኤሌክትሪክ በሚነዱ መኪናዎች ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ ስለሆኑ በቤት ውስጥ አይነኩም።

በኤል.ኢ.ዲ መተካት

ኤል.ኢ.ዲ መብራት ጥቂት ኃይል ይፈልጋል፤ ዕድሜውም ረዥም ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ክር ያለው አምፖል ግሎ ሙሉ ብርሃን እስኪሰጥ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይዘገያል፤ ኤል.ኢ.ዲ ግን ወዲያው ይበራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚያች ቅጽበት ከ4 ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህም ግጭት ለማዳን የሚበቃ ርቀት ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ለክር አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ የኤል.ኢ.ዲ አምፖል ብቻ መክተት ሁልጊዜ አያዋጣም። የውስጡ መስታወት ብርሃኑን የሚያሰራጨው ክሩ ካለበት ነጥብ ስለሆነ ከጎን ሲታይ መብራቱ ሊጠፋ ይችላል። በቀይ መስታወት ውስጥም ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ኤል.ኢ.ዲ ይመረጥ፤ ነጩ በቀዩ መስታወት ሲያልፍ አብዛኛው ብርሃኑ ተውጦ ይቀራል።

ፍሬቻው በኤል.ኢ.ዲ ሲተካ በጣም መፍጠን ከጀመረ ምክንያቱ ኃይል የሚቀንሰውን አምፖል ፍላሸሩ «ተቃጥሏል» ብሎ ስለሚቆጥረው ነው። አንዳንዶች ችግሩን የሚፈቱት ሬዚስተር በመጨመር ነው። በ12 ቮልት ላይ የሚሠራ ባለ 6 ኦም ሬዚስተር 2 አምፒር ያሳልፋል፤ 24 ዋት ያህልም ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ በፕላስቲክ ላይ ወይም በገመድ መካከል ሳይሆን በላሜራ ላይ መታሰር አለበት። ከሁሉም የሚሻለው ለኤል.ኢ.ዲ የተሠራ ፍላሸር መግጠም ነው።

ለደጋው ሰው አንድ ነገር ይጨመር። የክር አምፖል ሙቀት በመስታወቱ ላይ ያረፈውን ውርጭ ያቀልጣል፤ ኤል.ኢ.ዲ ግን ብዙ ስለማይሞቅ ውርጩ ሊቆይበት ይችላል። ማለዳ ከመነሣት በፊት የፊቱን መስታወት እንደሚጠርጉት ሁሉ የኋላ መብራቱንም መጥረግ ያስፈልጋል።

ፈተናው

ሥራው ሲያልቅ አንድ ሰው 30 እርምጃ ያህል ከኋላ ይቁም። መብራቶቹ መጀመሪያ በየተራ፣ ቀጥሎም በአንድነት ይፈተኑ፤ መብራቱ በርቶ ፍሬን ይረገጥ፤ ፍሬን እንደተረገጠ ፍሬቻ ይሰጥ። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው የሚደበዝዝ ወይም ሌላ መብራት አብሮ የሚያንጸባርቅ ከሆነ የግራውንድ ገመዱ በደንብ አልተያዘም። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል መንገድ ይፈልጋልና። የግራውንዱ መታሰሪያ ከቀለምና ከዝገት ጸድቶ ይጠበቅ።

ከኋላ መስታወት ከፍ ብሎ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራትም አይዘንጋ። በአሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪናዎች ላይ ግዴታ ሆኗል። በኋላ የተደረገ የመንግሥት ጥናትም ከኋላ የሚደርሱ ግጭቶችን በረዥም ጊዜ 4.3 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ተቃጥሎ ከሆነ ይተካ እንጂ አይነቀል።

በመንገድ ላይ

ጥሩ መብራት ገጥሞ በጭነት መሸፈን ከንቱ ነው። ከካሶኒው ተንጠልጥሎ የወረደ ሸራ ወይም ተንዘርፍፎ የተጫነ ገለባ መብራቱን ይጋርዳል። ከሙከጡሪ በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ አቋርጦ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ መብራቱን ስለሚለብሰው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ወርዶ መጥረግ ልማድ ሊሆን ይገባል።

በረዥም ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድ ፍሬኑ እንዳይግል ያደርጋል፤ የተመሰገነ ልማድም ነው። ይሁንና መኪናው በሞተር ኃይል ብቻ ሲቀንስ በብዙ መኪናዎች የፍሬን መብራት አይበራም። ስለዚህ ተከታይ ሲኖር ፍሬኑን በእግር ነካ ነካ ማድረግ ምልክት ይሆናል።

በጉም ጊዜ ቀይ ቀለም ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል የሚል እምነት አለ። የጉም ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ እጅግ የሚበልጡ ስለሆኑ ሁሉንም ቀለም በተቀራራቢ መጠን ይበትናሉ፤ የሚረዳው ድምቀቱ ነው። አንዳንድ መኪናዎች ለዚህ የተሠራ የኋላ የጉም መብራት አላቸው። በአውሮፓ መለኪያ ድምቀቱ ከ150 እስከ 300 ካንዴላ ሲሆን ከፍሬን መብራቱም ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ጉሙ ሲገፈፍ ወዲያው ይጥፋ፤ አለበለዚያ ተከታዩን ያጭበረብራል፤ የፍሬን ምልክቱንም ይሸፍናል።

መኪና ሲበላሽ ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ከኋላ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ቅጠልና ድንጋይ መደርደር በጨለማ አይታይም፤ መኪናው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ድንጋይም ለሌላው መንገደኛ ጠንቅ ነው። ጋሪ ያላቸው አርሶ አደሮችና ነዋሪዎች ደግሞ ባትሪም ገመድም አያሻቸውም፤ ከኋላ በሁለቱ ጠርዝ ቀይ፣ ከፊት ነጭ አንጸባራቂ ቢለጥፉ ከገበያ ሲመለሱ ቢመሽባቸው እንኳ ከሩቅ ይታያሉ።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ መብራትም የምርመራው አካል ነው። ነገር ግን ቦሎ የሚለጠፈው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን አምፖል የሚቃጠለው በማናቸውም ቀን ነው። አሽከርካሪ በመሪው ላይ ተቀምጦ የኋላ መብራቱን ማየት አይችልም። በመሆኑም ከመነሣቱ በፊት ረዳቱን ወይም በአጠገቡ ያለውን ሰው «እስኪ ከኋላ እይልኝ» ብሎ ፍሬን መርገጥ፣ ብቻውን ከሆነም መኪናውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ የቀዩን ብርሃን ነጸብራቅ በመስታወት ማየት ይኖርበታል። ይህ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።