የቆጡን ስናወርድ የብብታችንን እንዳንጥል
ስለ ምሥራቁ በረሃ መሬት፣ ስለ ማዕድንና ስለ ነዳጅ ኪራይ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻንና ደወሌን ሲያልፍ በመስኮቱ የሚያየው ጠጠር፣ አሸዋና አልፎ አልፎ የቆመ ግራር ነው። ሰው የማይታይበትን ይህን ሜዳ ለብዙ ሰዓት ከተመለከተ በኋላ «ይህ ሁሉ መሬት ያለ ሥራ ተቀምጧል» ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም። ነገር ግን ይኸው መንገደኛ ከመሣፈሩ በፊት በማለዳ ወደ ከተማችን ገበያ ብቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያው ባዶ ከመሰለው ሜዳ የመጣውን የግመል ወተት፣ በጉንና ፍየሉን፣ ዕጣኑንና ሙጫውን አይቶ ፍርዱን ባዘገየ ነበር።

ይህን ነገር ዛሬ ለክቡራን የንግድ ምክር ቤታችን አባሎች ለማንሣት የተገደድነው፣ የምሥራቁ በረሃ ለማዕድንና ለነዳጅ ሥራ የሚፈለግበት ጊዜ ስለ ደረሰ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካ የመጀመሪያው ክፍል ተመርቋል፤ በዓመትም 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ከዚያው ጋዝ በጎዴ የዩሪያ ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ከናይጄሪያው የዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ውል ተፈርሟል። የዚህ ፋብሪካ ወጪ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ምርቱም በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን እንዲሆን ታስቧል። ማዳበሪያና ነዳጅ ከባሕር ማዶ በውድ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ይህ ትልቅ የምሥራች መሆኑን የሚክድ ነጋዴ የለም፤ እኛም አንክድም።

ይሁን እንጂ ለአንድ ሥራ ፈቃድ በተሰጠ ቁጥር ሌሎች ብዙ ጠያቂዎች ይከተላሉ። ስለዚህ አዲስ መሬት ለአዲስ ኪራይ ከመሰጠቱ አስቀድሞ፣ ከቶ የማይከራየው የትኛው ነው? የሚለው ጥያቄ ተጠይቆ መልስ ማግኘት ይገባዋል። ይህ ጥያቄ የከብት አርቢውና የመንግሥት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ባለሱቅ ቢኖር፣ የሚከተለውን በትዕግሥት እንዲያነብልን እንለምናለን።

በረሃው ለንግዳችን የሚሰጠው

ከተማችን ራስዋ የበረሃው ጉዞ ልጅ ናት። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚወጣው ተራራ ለሐዲዱ ስላልተመቸ ጣቢያው በደቻቱ ወንዝ አጠገብ ተተከለ፤ ገበያውም ጣቢያውን ተከትሎ መጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከደጋው የሚወርደውና ከቆላው የሚወጣው ሸቀጥ እዚህ ሲገናኝ ኖሯል። የቁም ከብት፣ ቆዳና ሌጦ፣ ዕጣን፣ ከርቤና ሙጫ ከበረሃው የሚገኙ የወጪ ንግድ ዕቃዎች ናቸው። ጨውም እንደዚሁ ነው፤ በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት የአሰብን መንገድ ከዘጋ ወዲህ የአገራችን ገበታ በአብዛኛው የሚጣፍጠው በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ በሚመረተው ጨው ነው።

የከብት ንግድ ነጋዴዎች እንደሚያውቁት፣ የበረሃው ከብት በአንድ ስፍራ ተቀምጦ አያድርም። ዝናብ በጣለ ጊዜ ወደ ሰፊው ሜዳ ይበተናል፤ ሜዳው ሲደርቅ ግን ወደ ጥቂት ጉድጓዶችና ወደ ወንዝ ዳር ልምላሜ ይሰበሰባል። እነዚህ ጥቂት ስፍራዎች በካርታ ላይ ሲለኩ እጅግ ትንሽ ናቸው። ቢሆንም በዙሪያቸው ያለው ሰፊ መሬት የሚጠቅመው እነርሱ እስካሉ ድረስ ነው። አንድ ጉድጓድ ቢታጠር በዙሪያው የአንድና የሁለት ቀን መንገድ የሚያህለው ግጦሽ ሣሩ ሳይነካ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ከብቱ በመካከሉ ውኃ የማያገኝበትን ሜዳ ሊሻገረው አይችልምና። «ከሰፊው በረሃ የተከራየው እኮ ጥቂት ነው» የሚለው አነጋገር የሚያሳስተን በዚህ ምክንያት ነው፤ መታየት ያለበት የተከራየው ስንት ጋሻ እንደ ሆነ ሳይሆን የትኛው እንደ ሆነ ነው።

ከአዋሽ የተገኘ ትምህርት

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ የወንዙ ዳር ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በሰፊው ይሰጥ ጀመር። በታችኛው አዋሽ በተንዳሆ የእንግሊዙ የሚቸል ኮትስ ኩባንያ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ በመተሐራም በኔዘርላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ የስኳር ተክል ተተከለ። ለአገሪቱ ጥጥና ስኳር ተገኘ፤ ብዙ ሠራተኛም እንጀራ አገኘ። ነገር ግን ለእርሻ የተሰጠው የወንዝ ዳር የአፋርና የከረዩ ከብት በበጋ የሚጠጋበት ስፍራ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ ከብቱ እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ቢመለስ መጠጊያው ታርሶ አገኘው። ከብቱ አለቀ፤ ከእርሱም በኋላ ሰው በረኃብ አለቀ። ለዚህ እልቂት የድርቁ ጽናት ዋና ምክንያት ቢሆንም፣ የመጠጊያው መታጣት ጉዳቱን አብዝቶታል።

በዚያው ሸለቆ ሌላም ትምህርት አለ። በ1961 ዓ.ም. በሕግ የጸናው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላንና ሌላውን የዱር እንስሳ ለመጠበቅ የተከለለ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ሲከለል የአካባቢው አርብቶ አደር ግጦሹንና ውኃውን ስላጣ እስከ ዛሬ ያልበረደ ቅሬታ አስከትሏል። ስለዚህ በረሃውን እንጠብቅ ስንል ነዋሪውን አስወጥተን እናጥረው ማለታችን አይደለም። ነዋሪውን የጥበቃው ባለቤት ማድረግ እንጂ ከጥበቃው ውጭ መጣል በኪራይ ከሚደርሰው ጉዳት አይሻልም።

ኩባንያዎች መጥተው ሲሄዱ

የበረሃ ማዕድን ተስፋው ብዙ፣ ፍጻሜው ግን የዘገየ መሆኑን ታሪክ ያስተምረናል። ከእኛ ወደ ሰሜን በአፋር ምድር በዳሎል ኢጣልያውያን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ፖታሽ እያወጡ፣ ከቀይ ባሕር ዳር ከመርሳ ፋጥማ በተዘረጋ አነስተኛ ሐዲድ አማካይነት ይልኩ ነበር፤ በኋላ ሥራው ቆመ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአሜሪካው የፓርሰንስ ኩባንያ ጉድጓድ ቆፍሮ ብዙ ከደከመ በኋላ ጉድጓዱን ውኃ ስለሞላው ትቶ ሄደ። በቅርቡም የእስራኤሉ ኬሚካል ኩባንያ አይ ሲ ኤል በ2009 ዓ.ም. በግብርና በመሠረተ ልማት ነገር ከመንግሥት ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ሥራውን አቆመ። በዚህ ሁሉ ዘመን የጨው ቆራጮችና የግመል ቅፍለት ሥራቸውን አላቋረጡም።

በኦጋዴንም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1937 ዓ.ም. ነዳጅ ለመፈለግ ኮንሴሲዮን ተቀበለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ቴኔኮ የካሉብንና የሂላላን ጋዝ አገኘ። በደርግ ዘመን የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች ቆፈሩ፤ ከእነርሱም በኋላ የማሌዢያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ፤ በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂ ሲ ኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ተዋዋለ። ከመጀመሪያው ኮንሴሲዮን እስከ ካሉብ ፋብሪካ ምረቃ ድረስ ሰማንያ ዓመት ያህል አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጋዙ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሲሆን፣ የኦጋዴን ግመል፣ በግና ፍየል ግን ሳይቋረጥ ወደ ወደብ ሲነዳ ኖሯል። አሁን ጋዙ መውጣት መጀመሩ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ጋዝ አንድ ቀን ያልቃል፤ ግጦሽ ግን ከተጠበቀ በየክረምቱ ይታደሳል።

ኪራይም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተነደፈው የአይሻ የነፋስ ኃይል ጣቢያ የሚይዘው መሬት የማማዎቹን መሠረትና መንገዳቸውን ነው፤ በመካከላቸው ፍየል ሊሠማራ ይችላል። ፖታሽን በውኃ አሟሙቶ በሰፊ ኩሬ ለፀሐይ የሚያሰጣ ሥራ ግን መሬቱንም ውኃውንም ይወስዳል። የውኃን ነገር እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ከማንም ይበልጥ ልንረዳው ይገባናል፤ የምንጠጣው ከሳቢያን ጉድጓዶች፣ ከምድር ሆድ የሚሳበውን ነውና። የሐሮማያ ሐይቅ በደረቀ ጊዜ ጎረቤታችን ሐረር ውኃዋን ከእኛው አጠገብ ከአሰሊሶ ጉድጓዶች ለማስመጣት መገደዷንም አልረሳነውም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 ከምድር በታች ያለውን ሀብት፣ ደኑንና የግጦሹን መሬት ሁሉ የመንግሥት ንብረት አድርጎ ይቈጥር ነበር። አሁን የሚሠራበት የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንቀጽ 43 የሚመለከታቸው ሰዎች እንዲመከሩ፣ በአንቀጽ 44ም በመንግሥት ሥራ ምክንያት ለሚፈናቀሉት ካሣ እንዲሰጥ ያዝዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንዲሆን፣ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ ባለፈቃዱ የአካባቢውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ይጠይቃሉ።

ስለዚህ የጎደለን ሕግ ነው ለማለት አንደፍርም። የሚያስፈልገው እነዚህ ቃላት በመሬት ላይ ተቀምረው፣ «ይህ ጉድጓድ፣ ይህ የከብት መንገድ፣ ይህ የበጋ ግጦሽ ለኪራይ አይቀርብም» የሚል ካርታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መዘጋጀቱ ነው።

ይህ አሠራር በሌላውም ዓለም የተለመደ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት በጸደቀበት በ1987 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ካሊፎርኒያ በረሃ ጥበቃ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ የሞት ሸለቆ የሚባለውና ጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርኮች ሆኑ፤ ሞሃቪም ጥብቅ ስፍራ ተባለ። በእነዚህ ስፍራዎች አዲስ የማዕድን ይዞታ መያዝ ሲከለከል፣ ቀድሞ በሕግ የጸና መብት የነበረው ሰው ግን መብቱ አልተነካበትም፤ በሞሃቪም ከብት አርቢዎች በፈቃዳቸው መሠረት ማሠማራታቸውን እንዲቀጥሉ ተደረገ። ነባሩ ውል ይከበራል፤ አዲሱ ይታገዳል፤ ግጦሹ ይቀጥላል። ውል የሚያከብር ነጋዴ በዚህ ሥርዓት የሚቀየምበት ምክንያት አይታየንም።

ከአባሎቻችን የሚፈለገው

ከዚህ በላይ በተገለጠው መሠረት ለአባሎቻችን አራት አሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የከብት፣ የጨው፣ የሙጫና የዕጣን ነጋዴዎች ዕቃቸው ከየትኛው ጉድጓድና በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ይህን ዕውቀታቸውን በጽሑፍ አድርገው ቢያቀርቡ፣ ለማይከራዩት ስፍራዎች ካርታ ትልቅ እርዳታ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲስ ፈቃድ የሚደረገው ምክክር በከተማ አዳራሽ ብቻ ተደርጎ እንዳይቀር፣ በሶማልኛና በአፋርኛ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በዛፍ ሥር እንዲደረግ ልናሳስብ ይገባል። የዒሳ ሕዝብ የሚተዳደርበት «ሔር ዒሳ» የተባለው የቃል ሕግ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ነው፤ ዓለም ያከበረውን ጉባዔ ጎረቤቱ የሆነው ነጋዴ ሊንቀው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ኩባንያ ሥራውን ሲጨርስ ጉድጓዱን የሚደፍንበትና መሬቱን የሚያድስበት ገንዘብ ሥራው ሳይጀመር በባንክ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። እኛ ዕቃ በዱቤ ስንሰጥ መያዣ እንጠይቃለን፤ አገርም መሬቷን ስትሰጥ ከዚህ ያነሰ መጠየቅ የለባትም።

አራተኛ፣ የአዋሽና የያንጉዲ ራሳ ፓርኮች፣ የባቢሌም የዝሆኖች መጠለያ ለአዲስ የማዕድንና የነዳጅ ኪራይ እንዳይቀርቡ፣ የነዋሪው የግጦሽ መብት ግን እንዲጠበቅ መደገፍ ይገባናል።

ግጦሽ በጠፋበት ስፍራ አንዱ ጎሣ ወደ ሌላው ግጦሽ መሻገሩ፣ በዚያም ጠብ መነሣቱ፣ ጠብ ሲነሣም መንገድ መዘጋቱ የታወቀ ነው። መንገድ ሲዘጋ በጅቡቲ የቆመው ዕቃ የመጋዘን ኪራይ ይቈጥራል፤ ባለሱቁም መደርደሪያው ይራቆታል። እንግዲህ የበረሃው ሰላም ከነጋዴው ሒሳብ መዝገብ ውስጥ መጻፉን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። የቆጡ ጋዝና ፖታሽ ይውረድ፤ በጥንቃቄ ከወረደ ለሁላችንም ሲሳይ ነው። ነገ ማለዳ ግን ከበረሃው ወደ ገበያችን የምትመጣው ሴት የወተት ዕቃዋን ሞልታ እንድትመጣ፣ ግመሎቿ ትናንት የጠጡበት ጉድጓድ ሳይታጠር መቈየት አለበት።