የተሐድሶ መካሪዎችን የሚያስተምር ዶክተር ምን ይማራል? ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ሲታይ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው የተሐድሶ መካሪዎችን ለሚያስተምሩ ሰዎች የሚሰጠው የዶክትሬት ትምህርት ምን እንደ ሆነና ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ምን ሊጠቅም እንደሚችል ነው። የተሐድሶ መካሪ የምንለው በሕመም፣ በአደጋ ወይም ከልደቱ ጀምሮ የተጎዳ ሰው ወደ ሥራውና ወደ ሰው መካከል እንዲመለስ በንግግርና በክትትል የሚረዳውን ባለሙያ ነው። «መልሶ ማቋቋም» የሚለው ቃል በብዙ ሰው ጆሮ ለተፈናቃይ የሚታደለውን ስንዴና ቆርቆሮ ስለሚያስታውስ «ተሐድሶ»ን መርጠናል፤ እርሱም ቢሆን በፖለቲካና በሃይማኖት ክርክር ውስጥ የራሱን ሸክም ያተረፈ ቃል መሆኑን አልዘነጋንም።

ሙያው በአሜሪካ የተነሣው ከጦርነት ቁስለኞች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ለተጎዱ ወታደሮች፣ በ1920 ደግሞ ለሲቪል ሰዎች የሥራ ተሐድሶ ሕግ ወጣ። በ1954 የወጣው ሕግ ግን መካሪዎችን ለሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ስለ መደበ ሙያው ከመሥሪያ ቤት ወደ ትምህርት ቤት ተሻገረ። እነሆ፣ ከዚያ ወዲያ መካሪዎቹን የሚያስተምሩ መምህራን አስፈለጉ። የዶክትሬቱ ትምህርት የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዶክተር ሐኪም አይደለም፤ ተራ መካሪ ለመሆንም የማስተርስ ዲግሪ ይበቃል። የዶክትሬቱ ተማሪ የሚማረው ሌላውን መካሪ ማድረግን ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት የጥራት ደንብ አምስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም ምክር መስጠት፣ የሌላውን ምክር መቆጣጠር፣ ማስተማር፣ ምርምር፣ እንዲሁም መሪነትና ጥብቅና ናቸው። በትምህርቱ ላይ ቢያንስ 100 ሰዓት ልምምድና 600 ሰዓት የሥራ ላይ ሥልጠና ይጨመራል። ከአምስቱ ለእኛ አዲስ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ጀማሪው መካሪ ከባለ ጉዳይ ጋር ያደረገውን ንግግር ከመምህሩ ጋር ሆኖ እንደገና ይሰማል፤ የት እንደ ቸኮለ፣ የት የሌላውን ቃል እንደ ቀማ ይነገረዋል። እኛ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት እንታረማለን እንጂ በአነጋገራችን የታረምንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በአገራችን ይህ ትምህርት በልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ በሥነ ልቡናና በጤና ክፍሎች ተከፋፍሎ ይገኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ፍላጎትን እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። ለጎጃም በቅርበት የሚታየው ግን የጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ርዳታ በጀመሩት ፕሮግራም የጎንደር መምህራን ወደ ካናዳ እየሄዱ ለማስተርስና ለዶክትሬት ተምረዋል፤ የአካል ጉዳትና ተሐድሶም የፕሮግራሙ ዋና ጉዳይ ነው። ዲግሪው የመካሪነት አይደለም፤ ሆኖም አስተማሪውን አስቀድሞ የማስተማር ሐሳቡ አንድ ነው።

አሁን ወደ ገጠሩ እንውረድ። በምዕራብ ጎጃም ተሐድሶ የሚያስፈልገው ሰው በአንድ ዓይነት ጉዳት ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነትም የቁስለኞችን ቁጥር ጨምሯል። እኛ ግን ለምሳሌ የምንወስደው ያለ ጦርነትም የኖረውን፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለውንና በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ነው። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት እንዳስረዳው፣ ሕመሙ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ከቤት ወደ ቤት በተደረገ ቆጠራ 1,704 ሕሙማን ተገኝተዋል፤ ይህም ከአዋቂው 100 ሰው 3 ያህሉ ማለት ነው። እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ሕመሙን ያስታግሡታል። ታዲያ መካሪ ለምን አስፈለገ?

አንድ የቡሬ አካባቢ ገበሬ እናስብ። በቆሎና በርበሬ ያመርታል። በእርሻ ወራት ትኩሳቱ ይነሣበትና አምስት ቀን ይተኛል። ወንፈል የገባባቸው ሰዎች ማሳውን አርሰውለታል፤ እርሱ ግን ተራውን አልመለሰም። በሚመጣው ዓመት አይጠሩትም፤ መሬቱን በእኩል ይሰጣል፤ ከምርቱም ግማሹ ይሄዳል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ስለ ቀጣሪና ስለ ተቀጣሪ የሚናገር ስለ ሆነ ይህን ሰው አይደርስለትም፤ ቀጣሪ የለውምና። ከውጭ የተማረው መካሪም የደመወዝ ሥራ ፈልጎ ማስገባትን ይዞ ቢመጣ እጁ ባዶ ነው። ማነጋገር ያለበት የወንፈሉን ሰዎች ነው፤ በትኩሳቱ ሳምንት የጎደለው ጉልበት በሌላ ወር፣ ምናልባትም በአጨዳ ወይም ከብት በመጠበቅ፣ እንዲከፈል።

ከዚህ የሚከብደው የጋብቻው ጉዳይ ነው። የዝሆኔ ቤት ልጅ አትታጭም፤ «ዘራቸው ነው» ይባላል። ይህን አጉል እምነት ነው ብሎ ማለፍ ለተማረ ሰው ይቀለዋል፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ለሕመሙ የመጋለጥ ጠባይ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ መካሪው «ዘር የለበትም» ቢል ይዋሻል፤ «አለበት» ብሎ ቢያቆም ልጅቷን ይጎዳል። ሊለው የሚገባው፣ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ አለመሆኑን፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጫማ ያደረገችም እንደምትጠበቅ ነው። ይህን በአማርኛ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሳያስቀይሙ መናገር በፈረንጅ መጽሐፍ አይገኝም። ለዶክትሬት ጥናት ከዚህ የተሻለ ርእስ እኛ አይታየንም።

ሌላው ችግር ራሱ «ምክር» የሚለው ቃል ነው። በእኛ ዘንድ መካሪ ማለት የሚደረገውን የሚነግር ነው፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ምክር እንደ ጎደለው ይቆጠራል። ምስጢር ጠባቂነቱን ግን ገጠሩ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የነፍስ አባት አለና። ልዩነቱ የነፍስ አባት ቀኖና ይሰጣል፤ መካሪው ግን አይሰጥም። በዚያም ላይ ባለ ጉዳዩን ብቻውን ለማነጋገር ዘመድ ከቤት ይውጣ ቢባል፣ ምን ሊደብቅ ነው መባሉ አይቀርም። እኛ እንደሚመስለን ፊተኛው ቀን ከቤተ ሰቡ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ምስጢሩን ለሁለተኛው ቀን ማቆየት ይሻላል።

ለልምምድ ያህል በአሜሪካ የሚሠራበትን ዓይነት የመጀመሪያ ቀን መጠይቅ በአማርኛ ለማዘጋጀት ሞክረን ነበር። አንደኛው ጥያቄ «ከዚህ በፊት የት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር?» የሚል ነበር። ሠርዘን «ዘንድሮ ማሳዎን ማን አረሰልዎ?» ብለን ጻፍን። ከእርሱ ቀጥሎም «የእግር መታጠቢያውን ውኃ ማን ይቀዳልዎታል?» የሚለውን አስገባን።